የግራር ዘር ለምን ዘግይቶ ይበቅላል?

ሎተስ የተባለው የውኃ ተክል ዘር ለረጅም ዘመን ሕይወቱን ጠብቆ ይቆያል። በቻይና ከደረቀ ሐይቅ ወለል የተገኘና ዕድሜው 1,300 ዓመት ገደማ የሆነ ዘር መብቀሉን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 አስታውቀዋል። ለዚህ ጽናት አንዱ ምክንያት ውኃ የማያስገባው ጠንካራ ልባሱ ነው። ስለዚህ ሎተስን በቤቱ የሚያበቅል ሰው አስቀድሞ ልባሱን በሞረድ ፍቆ ዘሩን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ያኖረዋል።

በአገራችን ይህን ጠባይ በግራር ዘር እናገኘዋለን። ሳይዘጋጅ የተዘራ የግራር ዘር አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ስለሚበቅል፣ ችግኙ ለክረምት ተከላ እኩል አይደርስም። መፍትሔው ቀላል ነው። ውኃ አፍልተን ከእሳት ካወረድን በኋላ ዘሩን እንጨምርበታለን፤ እየቀዘቀዘ ሲሄድም እስከ 24 ሰዓት ድረስ እንዘፈዝፈዋለን። ሙቀቱ የልባሱን ደካማ ቦታ ይከፍታል፤ ውኃ ይገባል፤ ዘሩም ያብጣል። ያላበጠውን ለይተን ሥራውን እንደግምለታለን።

እንደ ኮን ባለው የወሎ ደጋ የአየር ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ ነው። ይህ ለሥራው ይበቃል። ሆኖም ጥቂት ውኃ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ የውኃው መጠን ከዘሩ በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይገባል። ዘሩን በእሳት ላይ መቀቀል ግን በውስጡ ያለውን ሽል ይገድለዋል።