የነፃነት አዋጅ ዘግይቶ ሲደርስ

ድሮ አዋጅ የሚነገረው በገበያ ቀን ነበር። ነጋሪት ይጎሰማል። ሕዝቡ ይሰበሰባል። አዋጅ ነጋሪው ቃሉን ያሰማል። በመጨረሻም የሰማ ሁሉ ላልሰማው እንዲያሰማ ይታዘዛል። ይህ ትእዛዝ ያለ ምክንያት አልነበረም። አዋጅ ካልተሰማ እንዳልወጣ ይቆጠራል። ባለመብቱ መብቱን ካላወቀ ደግሞ የሚቀማው አይጠፋም።

በዚህ ትምህርት ስለ ሁለት አገሮች የነፃነት አዋጅ እናነባለን። አንዱ አገር ሩቅ ነው፤ አሜሪካ። ሁለተኛው የራሳችን ኢትዮጵያ ነው። የሁለቱም አዋጆች ጉዳይ ባርነትን ማስቀረት ነው።

ባርነት ምንድን ነው?

ባርነት ሰው እንደ ከብት የሌላ ሰው ንብረት የሚሆንበት ሥርዓት ነው። ባሪያ የተባለው ሰው ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ በውርስ ይተላለፋል። ሠርቶ ያገኘው የራሱ አይደለም። የወለደው ልጅ እንኳ የጌታው ነው። ገባር ብዙ በደል ደርሶበታል፤ ቢሆንም ገበያ ወጥቶ አልተሸጠም። ባሪያ ግን ይሸጥ ነበር።

የአሜሪካ ጥቁሮች ነገር

ነጭ ነጋዴዎች ከአፍሪካ ምዕራብ ዳርቻ ብዙ ሕዝብ በመርከብ እየጫኑ ወደ አሜሪካ ወስደዋል። እነዚህ ሰዎችና ልጆቻቸው በጥጥ፣ በትምባሆና በሸንኮራ እርሻ ላይ ያለ ደመወዝ ሠሩ። በአንዳንድ የደቡብ ግዛቶች ለባሪያ ማንበብና መጻፍ ማስተማር በሕግ የተከለከለ ነበር። ለምን ይመስላችኋል? ፊደል የቆጠረ ሰው አዋጅ ያነባል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ መንገድ ያውቃል። ጌቶቹ የፈሩት ይህንኑ ነው።

ከዚያ በኋላ በሰሜንና በደቡብ ግዛቶች መካከል ጦርነት ተነሣ። በጦርነቱ መካከል፣ በ1855 ዓ.ም.፣ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በአመፁት የደቡብ ግዛቶች ያሉ ባሪያዎች ነፃ ናቸው ብሎ አወጀ። ሆኖም ቴክሳስ የሚባለው ግዛት ሩቅ ነበር። የሊንከን ወታደሮች እዚያ እምብዛም አልደረሱም። ጌቶቹም አዋጁን ለመፈጸም ፈቃደኛ አልነበሩም። ስለዚህ በቴክሳስ ይኖሩ የነበሩ 250 ሺህ ያህል ሰዎች በባርነት ቀጠሉ። ለሁለት ዓመት ተኩል በወረቀት ላይ ነፃ ሆነው፣ በእርሻው ላይ ግን ባሪያ ነበሩ።

በሰኔ ወር 1857 ዓ.ም. ጄኔራል ጎርደን ግሬንጀር ወታደሮቹን ይዞ ጋልቬስተን ወደምትባለው የባሕር ወደብ ገባ። ባሪያዎች ሁሉ ነፃ መሆናቸውን የሚገልጽ ትእዛዝ አወጀ። ትእዛዙ ሌላም ነገር ነበረው። ነፃ የወጡት ሰዎች ባሉበት ቦታ ረግተው በደመወዝ እንዲሠሩ ይመክራል። መሬት ግን አልሰጣቸውም። ስለዚህ ብዙዎቹ የቀድሞ ጌታቸውን መሬት በእኩል እያረሱ፣ በዕዳ ተይዘው ኖሩ። ነፃነት ያለ መሬት ምን ያህል ጎደሎ እንደሆነ ለገበሬ መንገር አያሻም።

በዓሉ እንዴት ይከበራል?

ይህ ቀን “ጁንቲንዝ” ይባላል። “ጁን” በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 24 እስከ ሰኔ 23 የሚዘልቅ የፈረንጆች ወር ነው። “ናይንቲንዝ” ማለት ደግሞ አሥራ ዘጠነኛ ማለት ነው። ሕዝቡ ሁለቱን ቃል አገናኝቶ አንድ አደረጋቸው። በእኛ አቆጣጠር ዛሬ በዓሉ የሚውለው ሰኔ 12 ቀን ነው። የሰኔ ሚካኤል ዕለት ማለት ነው።

በመጀመሪያ በዓሉን ያከበሩት ነፃ የወጡት ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ተሰብስበው ይጸልያሉ፣ አዋጁን ጮክ ብለው ያነባሉ፣ አብረው ይበላሉ። ግን የት ይሰብሰቡ? በሕዝብ መናፈሻ እንዳይገቡ ይከለከሉ ነበር። ስለዚህ በ1864 ዓ.ም. በሂዩስተን ከተማ ያሉት ጥቁሮች ገንዘብ አዋጥተው 4 ሄክታር ያህል መሬት ገዙ። የነፃነት መናፈሻ ብለውም ሰየሙት። ቦታው እስከ ዛሬ አለ።

ቤተ መጻሕፍትም ዝግ ነበረባቸው። በብዙ የደቡብ ከተሞች የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለነጮች ብቻ ነበር። መጋቢት 18 ቀን 1953 ዓ.ም. ዘጠኝ የቱጋሉ ኮሌጅ ተማሪዎች በጃክሰን ከተማ ወዳለው የነጮች ቤተ መጻሕፍት ገቡ። መጽሐፍ ጠይቀው፣ ተቀምጠው ማንበብ ጀመሩ። ውጡ ቢባሉ እምቢ አሉ። ፖሊስም ይዞ አሰራቸው። ወንጀላቸው ማንበብ ነበር።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ ጁንቲንዝ በቴክሳስ የመንግሥት በዓል ሆነ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ደግሞ የመላው አሜሪካ በዓል እንዲሆን ሕግ ወጣ። በየከተማው ያሉ ቤተ መጻሕፍት በዚያ ሰሞን ለሕዝቡ ዝግጅት ያደርጋሉ። አዋጁ ይነበባል፤ የድሮ ፎቶግራፍና ደብዳቤ ይታያል፤ ለሕፃናት ታሪክ ይነገራል። የአያት ቅድመ አያቱን ስም የማያውቅ ሰው ከድሮ መዝገብ እንዲፈልግ ይረዳል። ደጅ ላይ ደግሞ ዘፈንና ምግብ አለ። ቀይ መጠጥና ቀይ ምግብ ማቅረብ የበዓሉ ልማድ ነው።

በእኛ አገርስ?

ባርነት የፈረንጅ አገር ነገር ብቻ አልነበረም። በእኛም አገር ነበር። ይህን መደበቅ አይገባም። ሰዎች ከደቡብና ከምዕራብ ኢትዮጵያ እየተማረኩ፣ ዓባይን ተሻግረው፣ በጎጃም በኩል ወደ ሰሜን ይነዱ ነበር። ጎጃም ውስጥ ባሶ፣ በሱዳን ጠረፍ መተማ የታወቁ የባሪያ ገበያዎች ነበሩ። የጣና ዳር አገርም የዚህ ንግድ መተላለፊያ ነበር። በ1692 ዓ.ም. ገደማ ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ወደ ጎንደር መጥቶ ነበር። ይህ ሰው የጉዛራ ግንብ በአጠገቧ በሚገኘው በእንፍራንዝ የባሪያና የዝባድ ንግድ መኖሩን ጽፏል። የሰው ልጅ ከዝባድ ጋር አብሮ የሚሸጥ ዕቃ ነበር ማለት ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ የባሪያ ንግድን ከልክለው ነበር፤ ንግዱ ግን አልቆመም። መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ባሪያዎች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበት ሕግ ወጣ። በሕጉ መሠረት ከባሪያ የሚወለድ ልጅ ነፃ ነው። ጌታው ሲሞት ደግሞ ባሪያው ከሰባት ዓመት በኋላ ነፃ ይወጣል። በ1923 ዓ.ም. ሰባቱ ዓመት ወደ አንድ ዓመት ዝቅ አለ። በ1928 ዓ.ም. የወረረን ፋሺስት ኢጣሊያ ባሪያ ነፃ አወጣለሁ ብሎ ሰበከ፤ ዓላማው ግን መላውን ሕዝብ በቅኝ መግዛት ነበር። ፋሺስት ከተባረረ በኋላ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ ባርነትን ጨርሶ የሚሽር አዋጅ ወጣ። ይህም በነጋሪት ጋዜጣ ታተመ።

ጋዜጣውን ግን ማን አነበበው? በጊዜው በገጠር ፊደል የቆጠረ ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። ወጥ ቤት የምትሠራው፣ እንጨት የሚፈልጠው፣ ከብት የሚጠብቀው ሰው ነጋሪት ጋዜጣ አይደርሰውም። ቢደርሰውም አያነበውም። ጌታው ካልነገረው ማን ይንገረው? የቴክሳስ ታሪክ በእኛም ቤት እንደነበረ እዚህ ላይ ይታያል።

አዋጅን ወደ ገበሬው ማድረስ ምን ያህል ሰው እንደሚፈልግ ከ1967 ዓ.ም. መማር ይቻላል። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። በዕድገት በኅብረት ዘመቻ የተሰማሩ ከ50 ሺህ በላይ ተማሪዎችና መምህራን በየገጠሩ እየዞሩ አዋጁን አስረዱ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። በየቀበሌው ማንበቢያ ቤቶች ተከፈቱ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር። ገበሬው አዋጁን ከሌላ ሰው አፍ ከሚጠብቅ ራሱ ያንብበው ተባለ።

የቀረው ሥራ

ባርነት በሕግ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በአንደበታችንስ ቀርቷል? ሰው ሲጣላ “ባሪያ” ብሎ ይሳደባል። ጋብቻ ሲጠየቅ “አጥንቱ ይጠና” ይባላል። አያቱ ተሽጦ የመጣ ሰው የልጅ ልጁ እስከ ዛሬ በጎን ይታያል። በጣና ዳር ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት ነገደ ወይጦዎች ባሪያ አልነበሩም፤ ግን እነሱም ለረጅም ዘመን ተንቀው፣ ከማዕድ ተለይተው ኖረዋል። የዚህም ምንጩ ያው ሰውን በዘሩ መመዘን ነው። አዋጅ ገበያን ይዘጋል። ንቀትን ግን ሰው ራሱ ከልቡ ካላወጣው አዋጅ ብቻውን አያወጣውም።

ነሐሴ 20 በአገራችን የሕዝብ በዓል አይደለም። ቢሆንም ማንበቢያ ቤት ወይም ትምህርት ቤት ባለበት ቀበሌ ሁሉ ቀኑን ማሰብ ይቻላል። የፍልሰታ ጾም ከተፈታ በኋላ ስለሆነ ሰው ለመሰብሰብ አይቸገርም። የአረም ሥራ ካለ ከሥራ መልስ ይሁን። ድግስ አያስፈልግም፤ ቡናና ቆሎ ይበቃል። ሦስት ነገሮችን ብቻ ብናደርግ ጥሩ ነው።

አንደኛ፣ ማንበብ የሚችል ሰው ስለ አዋጁ ለተሰብሳቢው ጮክ ብሎ ያንብብ። ሴቶችም ያንብቡ።

ሁለተኛ፣ አረጋውያን ያዩትን ወይም ከወላጆቻቸው የሰሙትን ይናገሩ። ወጣቶች ይጻፉ። ነገር ግን የማንም ቤተ ሰብ በስም ተጠርቶ አይፈር። የምንፈልገው ታሪኩን እንጂ የሰው ገመና አይደለም።

ሦስተኛ፣ ዕድሩ፣ ሰንበቴውና ማኅበሩ ይወያዩ። በዘሩ ምክንያት ከማዕድ፣ ከጋብቻ ወይም ከቀብር የሚገለል ሰው በመካከላቸው አለ ወይ? ካለ፣ ይህ እንዲቀር ይስማሙ።

ፊደል የቆጠራችሁ ሁሉ ዛሬ የአዋጅ ነጋሪው ሥራ የእናንተ ነው። ነጋሪት አያስፈልጋችሁም። ያነበባችሁትን ላላነበበው ጎረቤታችሁ አንብቡለት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የሊንከን አዋጅ በቴክሳስ ሁለት ዓመት ተኩል ሳይፈጸም የቆየው ለምንድን ነው?
2. ጌቶች ባሪያዎቻቸው እንዳይማሩ የፈለጉት ለምን ነበር?
3. መሬት የሌለው ነፃ ሰው ምን ችግር ይገጥመዋል?
4. በቀበሌያችን ሰውን በዘሩ የሚያስንቅ ምን ልማድ አለ? እንዴትስ ይወገዳል?