በእሳት የተጎዳ ባልንጀራ ወደ ትምህርት ቤት ሲመለስ

በየቤታችን የከሰል ምድጃና የፈላ ውሃ ከልጆች እጅ ሩቅ አይደሉም። ክፉኛ የተቃጠለ ልጅ ከብዙ ወራት ሕክምና በኋላ ወደ ትምህርት ቤቱ በተመለሰ ጊዜ ግን ሁለተኛው መከራ ይጀምራል። ቁስሉ ድኗል፤ ነገር ግን ትናንት አብሮት ኳስ ይጫወት የነበረው ጓደኛው ዛሬ አጠገቡ መቀመጥ ይፈራል።

ይህ ፍርሃት ከልጆች ክፋት የመጣ አይደለም። የስድስት ዓመት ልጄ ፊቷና አንገቷ የተቃጠለውን የጎረቤታችንን ልጅ በመንገድ አይቶ፥ «አባዬ፥ ምን ሆና ነው?» ብሎ ጮኽ ብሎ ቢጠይቀኝ፥ አፍሬ «ዝም በል!» ብዬ እጁን ጎትቼ አለፍሁ። ልጁ ከዚህ የተማረው፥ ያች ልጅ የማትታይና ነገሯ የማይነሣ መሆኗን ነው። መልሱን የሰጠሁት ማታ ነበር።

መልሱም አስቸጋሪ አይደለም። እሳት ቆዳን ዘልቆ ያቃጠለ እንደ ሆነ፥ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ከጭን ስስ ቆዳ ወስደው በቁስሉ ላይ ይተክላሉ። ጠባሳው ለወራት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በላይ፥ ያብጣል፤ ይጠነክራል፤ ያሳክካል። በአንገት ወይም በጣት ላይ ሲሆን ቆዳው እየተሰበሰበ ወጥሮ ይይዛል። የጎረቤታችን ልጅ አንገቷን እንደ ልቧ የማታዞረው፥ ጠራራ ፀሐይም የሚጎዳት ስለዚህ ነው። ጠባሳ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። ሳቋና ጨዋታዋ ያው የቀድሞው ነው።

«እሳት ከነካህ እንደ እርሷ ትሆናለህ» እያልን ልጅቱን ማስፈራሪያ አናድርጋት፤ ልጆቻችን እሳቱን ሳይሆን እርሷን መፍራት ይለምዳሉና። ከንፈር እየመጠጥን «እኔን ይድፋኝ» ማለታችንም ለእኛ ርኅራኄ ይመስለናል እንጂ፥ ለእርሷ በየቀኑ እንደሚነገር መርዶ ነው።

መምህሩም ልጅቱ ከመመለሷ አስቀድሞ ከእርሷና ከወላጆቿ ጋር ተማክሮ ለክፍሉ ቢያስረዳ መልካም ነው። እርሷም «ፍም ላይ ወድቄ ነው፤ አሁን ድኛለሁ» የምትል አጭር መልስ ይዛ ትምጣ። ከዚያ በላይ መተረክ ግዴታዋ አይደለም።

በማግሥቱ ልጄን ይዤ ወደ ጎረቤታችን ቤት ሄድሁ። «ያምማል ወይ?» ብሎ ጠየቃት። «አያምም፤ ያሳክካል እንጂ» አለችው። ከዚያም ሰኞ ማክሰኞ ሊጫወቱ ወጡ፤ ለምሳ ሦስት ጊዜ ብጠራው አልመጣም።