ግዙፍ መደብር፣ የገጠር ከተማና የእርሻ መሬት፤ የቬርሞንት ክርክር

በሰሜን አሜሪካ ለምንኖር ወገኖች፣ ከከተማ ዳር ከአውራ ጎዳና መውጫ አጠገብ የተተከለው መስኮት የለሽ ግዙፍ መደብር እንግዳ አይደለም። አብዛኞቻችን እዚያ ገዝተናል፤ ከመካከላችንም በስደት የመጀመሪያ ደመወዛቸውን እዚያ የተቀበሉ ጥቂቶች አይደሉም። ስለዚህ መደብሩን ለማውገዝ አልተነሣንም። ለማስረዳት የምንሞክረው፣ ርካሹ ዕቃ የሚያስከትለው ወጪ በማን ላይ እንደሚያርፍና አንዲት ትንሽ ክፍለ ግዛት ይህንኑ በሕግ እንዴት እንደመረመረች ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሳም ዋልተን በ1962 የመጀመሪያውን ዋልማርት በአርካንሶ፣ በሮጀርስ ሲከፍት የመረጠው ትልልቆቹ ነጋዴዎች የናቁትን የገጠር ከተማ ነበር። እንዲህ ያለው መደብር ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ የመኪና ማቆሚያውም አብዛኛውን ጊዜ ከሕንፃው ይሰፋል። ስለሆነም ሜዳማ፣ ውሃ የማይተኛበትና ለመንገድ የቀረበ ሰፊ ቦታ ይሻል፤ ይኸውም ብዙ ጊዜ የእርሻ መሬት ነው። ዕድሜው የገፋና የወተት ዋጋ የወደቀበት ገበሬ፣ መሬቱ ለእርሻ ከሚያወጣው እጅግ የበለጠ ገንዘብ ሲቀርብለት ቢሸጥ ማን ይፈርድበታል? ከአስፋልቱ ሥር የቀረው አፈር ግን ተመልሶ አይታረስም።

የአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲው የኢኮኖሚ ምሁር ኬኔት ስቶን ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባደረጉት ጥናት እንዳሳዩት፣ መደብሩ የተከፈተበት ከተማ ሽያጭ ያድጋል፤ ግዙፉ መደብር የማይሸጠውን የሚሸጡ ነጋዴዎችም ይጠቀማሉ። ተመሳሳይ ዕቃ የሚሸጠው ባለሱቅ ግን ይጎዳል፤ በዙሪያው ያሉት ትናንሽ ከተሞችም ገበያቸው ይሸሻል። በእኛ አስተያየት ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ የሚጎዳው ጎረቤት ከተማ ከአዲሱ መደብር የንብረት ግብር አንዲት ሳንቲም አያገኝም።

ቬርሞንት በ1970 «አዋጅ 250» በመባል የሚታወቀውን ሕግ አወጣች። ሕጉን የገፉት አገረ ገዥ ዲን ዴቪስ ሪፐብሊካንና የቀድሞ የኢንሹራንስ ኩባንያ ኃላፊ ስለነበሩ የንግድ ጠላት ሊባሉ አይችሉም። በሕጉ መሠረት ትልልቅ ግንባታዎች በአካባቢ ኮሚሽን ፊት በ10 መመዘኛዎች ይፈተናሉ፤ ውሃ፣ መንገድ፣ ለም አፈር፣ የከተማው አገልግሎት የመስጠት አቅም ከእነዚሁ መካከል ናቸው።

በ1993 በሴንት ኦልባንስ ዳር መደብር ለመሥራት ጥያቄ ቀረበ። በዚያው ዓመት ብሔራዊው የታሪካዊ ቅርሶች ጥበቃ ድርጅት መላዋን ቬርሞንትን አደጋ ካንዣበበባቸው ሥፍራዎች መዝገብ ውስጥ አስገባ። ሕጉ ባለሱቅን ከውድድር አይጠብቅም። የተነሣው ነጥብ ሌላ ነው፤ የመሐል ከተማ ሱቆች ሲዘጉ የሕንፃዎቹ ግምት ይወርዳል፤ ግምቱ ሲወርድ ግብሩ ይቀንሳል፤ የትምህርት ቤቱ፣ የእሳት አደጋ መከላከያውና የመንገዱ ወጪ ግን ባለበት ይቀራል። የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1997 ክልከላውን ሲያጸና ውድድሩ በሕዝብ አገልግሎት ላይ የሚያስከትለውን ጫና መመዘን እንደሚቻል አረጋገጠ። በሮትላንድ ደግሞ ያው ኩባንያ በከተማው መሐል፣ ቀድሞ ኬማርት በነበረበት ሕንፃ ገባ፤ ሲገደድ እርሻ ሳይነካ መሥራት እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ይሁንና የሴንት ኦልባንስ ጉዳይ ተመልሶ መጣ፤ በ2011 ፍርድ ቤቱ ፈቃዱን አጸደቀ፤ መደብሩም በ2013 ተከፈተ። በእነዚያ ሃያ ዓመታት መኪና ያለው ወደ ሌላ ከተማ እየነዳ ሲገዛ፣ መኪና የሌለው ድሃ ቅርብ ባገኘው ዋጋ ገዝቷል። ይህን የሕጉ ደጋፊዎች እምብዛም አያነሡትም።

በአገራችን ለተወላጆች ተከልሎ የነበረው የጅምላና የችርቻሮ ንግድ በ2024 ለውጭ ባለሀብቶች ተከፍቷል። የቬርሞንት ገበሬ መሬቱን በዋጋ ተደራድሮ ይሸጣል፤ አዋሳኙም በኮሚሽኑ ፊት ቆሞ ይናገራል። የእኛ ገበሬ ግን መሬት በማይሸጥበት ሕገ መንግሥት ሥር ስለሚያርስ፣ ሲነሣ የሚጠብቀው ካሣ ነው። በደብረ ብርሃን ወይም በቢሾፍቱ ዳር እንዲህ ያለ ሕንፃ ቢታቀድ፣ እርሱና የመሐል ከተማው ባለሱቅ በየትኛው ጉባኤ ፊት ይሰማሉ?