ዲማ ጊዮርጊስን ለመጐብኘት

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ተወልዳችሁ በመንግሥት ሥራ የምትኖሩ ሁሉ፥ ለዕረፍት ወደ አገራችሁ ስትሄዱ ዓባይን ተሻግራችሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተነገረበትን ዲማ ጊዮርጊስን ብታዩ መልካም ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ፥ በኋላም አቶ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርኩት፥ በዛብህና ሰብለ ወንጌል እንደ ጎረቤት ልጆች ታውቀዋል።

ከእስቴ ወደ ሞጣ የሚያሻግረው የቀድሞው መንገድ ሰባራ ድልድይ ነው። ይህ በጐንደር ነገሥታት ዘመን የታነጸ ድልድይ በጣልያን ወረራ ጊዜ ስለ ተሰበረ፥ ሕዝቡ ለብዙ ዘመን በገመድ እየተጐተተ ሲሻገር ኖሯል፤ በኋላ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠርቶለታል።

ዲማ የደረሰ እንግዳ የፊታውራሪ መሸሻን ግቢ አሳዩኝ ቢል አያገኘውም፤ ግቢውም ባለቤቱም የደራሲው ፈጠራ ናቸውና። (ብዙ ሰው ግን ይህን መጠየቁ አይቀርም።) እውነተኛው ነገር የቤተ ክህነት ትምህርቱ ነው። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዚሁ በዲማ ስለ ተማሩ፥ የበዛብህን የተማሪነት ኑሮ የሚያውቁት ከሩቅ አልነበረም።

እናንተም ብትሆኑ ይህን ኑሮ ከቤታችሁ ታውቁታላችሁ። ቅኔን በጎጃም የተማረ ደቀ መዝሙር ድጓውን ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕትን ለመማር ወደ ዙር አምባ ይመጣልና፤ አኩፋዳውን አንግቶ ከደጃችሁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የሰማችሁት ተማሪ የበዛብህ ባልንጀራ ነው።