የኮሞ ሐይቅ ከጀልባ ላይ ሲታይ

ኮሞ ሐይቅ የሚገኘው በሰሜን ኢጣሊያ፣ በሎምባርዲያ ክልል፣ ከአልፕስ ተራሮች ግርጌ ነው። የአገሬው ሰው ላሪዮ እያለም ይጠራዋል። ስፋቱ 146 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከጋርዳና ከማጆሬ ቀጥሎ በኢጣሊያ ሦስተኛው ትልቅ ሐይቅ ነው። በጥልቀት ግን ሁለቱንም ያስከነዳል። ከ400 ሜትር በላይ የሚወርድ ቦታ ያለው ሲሆን፣ የውሃው ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 198 ሜትር ላይ ብቻ ስለሆነ፣ የሐይቁ ጥልቅ ወለል ከባሕር ጠለልም በታች ነው። ይህን ጎድጓዳ ሸለቆ የፈለፈለው በበረዶ ዘመን ከአልፕስ ይወርድ የነበረው ግዙፍ የበረዶ ግግር ነው።

ሐይቁ በካርታ ላይ ሲታይ እግሮቹን ከፍቶ የቆመ ሰው ይመስላል። ራሱ በሰሜን ኮሊኮ አጠገብ ነው፤ ቀኝና ግራ እግሮቹ በኮሞና በሌኮ ከተሞች ያበቃሉ። ሁለቱ እግሮች በሚለያዩበት ልሳነ ምድር ላይ የቤላጆ ከተማ ተቀምጣለች። አዳ የተባለው ወንዝ በሰሜን ገብቶ በሌኮ በኩል ይወጣል። በኮሞ በኩል ያለው እግር ግን መውጫ የለውም፤ የጀልባ ጉብኝት አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደውም በዚሁ በኮሞና በቤላጆ መካከል ባለው እግርና በሐይቁ መሐል ነው።

ኮሞን ለማየት ጀልባ የሚመረጥበት ምክንያት ቀላል ነው። ተራሮቹ ቀጥ ብለው ወደ ውሃው ስለሚወርዱ ዳር ዳሩን የሚሄደው መንገድ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ በበጋ ደግሞ በመኪና ይጨናነቃል። ከመንገዱ የሚታየው በአመዛኙ የቪላዎቹ ጀርባና ከፍ ያለ የድንጋይ አጥር ነው። ቪላዎቹ የተሠሩት ባለቤቶቻቸውም እንግዶቻቸውም በጀልባ በሚመጡበት ዘመን ስለሆነ፣ ዋናው በር፣ ደረጃው፣ ሐውልቱና የአትክልት ቦታው ሁሉ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሯል። መኪና የያዘ ሰው ቤቱን በጓሮ በር እንዳየው ይቆጠራል።

በውሃው ላይ ለመዘዋወር ሦስት መንገድ አለ። የመጀመሪያው የመንግሥቱ የሐይቅ መርከብ ድርጅት የሚያመላልሳቸው መርከቦች ናቸው። ዋጋቸው መጠነኛ ነው፤ ከከተማ ከተማ ያደርሳሉ፤ በሐይቁ መሐል ባሉት ከተሞች መካከል መኪና የሚጭኑም አሉ። ነገር ግን በራሳቸው የጊዜ ሰሌዳ ይሄዳሉ፣ በወደብ ብቻ ይቆማሉ። ሁለተኛው ትንሽ የሞተር ጀልባ ተከራይቶ ራስን ችሎ መንዳት ነው። የኢጣሊያ ሕግ እስከ 40 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያለውን ሞተር ያለ መንጃ ፈቃድ ለመንዳት ይፈቅዳል። ሐይቁን ለማያውቅ ሰው ግን ይህ ምርጫ የሚያስመካ አይደለም፤ ዓይኑን ከነፋሱ፣ ከትላልቆቹ መርከቦች ማዕበልና ከዳርቻው ድንጋይ ላይ ስለማይነቅል ቪላ ለማየት ፋታ አያገኝም። ሦስተኛው ከነነጂው የሚከራየው የግል ጀልባ ነው። ነጂው አብዛኛውን ጊዜ የዚያው የሐይቁ ዳር ልጅ ሲሆን፣ የጀልባ ነጂም አስጎብኚም ሆኖ ይሠራል። አንዳንዴ አስጎብኚው ለብቻው ይጨመራል።

ለዚህ ሥራ የሚውሉት ጀልባዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ከፋይበር ግላስ የተሠራ ዘመናዊ የሞተር ጀልባ ነው። ሌላው ጎብኚዎች ፎቶ ለመነሣት የሚሻሙበት፣ በማሆጋኒ እንጨት የተሠራውና ተወልውሎ የሚያብረቀርቀው ጀልባ ነው። በዚህ ዓይነቱ ጀልባ ስሙ የገነነው ሪቫ የተባለው ፋብሪካ መነሻው ኮሞ ሳይሆን ሳርኒኮ በምትባል በኢዜዮ ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ነው፤ ኮሞም የራሱ የቆዩ የጀልባ አናጢዎች አሉት። እንጨቱ በብዙ ዙር ቫርኒሽ ስለሚቀባ በቀላሉ ይጫራል። ስለዚህ ነጂው ተሳፋሪ ከመግባቱ በፊት መጀመሪያ የሚያየው ጫማውን ነው፤ ተረከዙ የሾለ ጫማ ያደረገች ሴት አውልቃ በባዶ እግሯ እንድትገባ ትጠየቃለች። ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድመው የሐይቁ የጥንት ጀልባ ግን ሉቺያ ይባላል፤ ሦስት የእንጨት ቀለበቶች በላዩ ቀስት ሠርተው ሸራ ይሸከማሉ፤ በዓሣ አጥማጆችና በዕቃ አመላላሾች ዘንድ ይሠራበት ነበር። ስሙን ያገኘው ከአሌሳንድሮ ማንዞኒ ልብ ወለድ ጀግና ሴት ነው፤ የማንዞኒ መጽሐፍ የሚጀምረውም በዚሁ ሐይቅ ዳር ነው።

ከኮሞ ከተማ የሚነሣ ጉብኝት ወደብ ለቆ ሲወጣ ወደኋላ ዞር ላለ ሰው ሁለት ነገር ይታየዋል፦ በቀኝ በኩል ከውሃው ዳር ያለው ለአሌሳንድሮ ቮልታ መታሰቢያ የተሠራ ነጭ ሕንፃ፣ በግራ ደግሞ ከ1894 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ሌላ ካልተባለ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ወደ ብሩናቴ መንደር የሚወጣው በገመድ የሚጎተት ባቡር። የኤሌክትሪክ ባትሪን የፈለሰፈው ቮልታ በ1745 የተወለደው በዚህች ከተማ ነው። ኮሞ በሐር ሥራም የታወቀች ናት።

የምዕራቡን ዳርቻ ይዞ የሚሄደው ጀልባ በመጀመሪያ ቼርኖቢዮ ይደርሳል። እዚያ ያለው ቪላ ደስቴ በ1568 ለካርዲናል ቶሎሜዮ ጋሊዮ የተሠራ ሲሆን፣ ከ1873 ጀምሮ ሆቴል ነው። ቀጥሎ ሞልትራዚዮ፣ ከዚያም ላሊዮ ይመጣሉ። ላሊዮ ላይ ካሜራ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራል፤ የፊልም ተዋናዩ ጆርጅ ክሉኒ የገዛው ቪላ ኦሌያንድራ እዚያ ነውና። እውነቱን ለመናገር ቤቱ ከጎረቤቶቹ ቪላዎች በውበት አይበልጥም።

ከአርጄኞ አለፍ ሲል የሐይቁ ብቸኛ ደሴት ኮማቺና ትታያለች። በመካከለኛው ዘመን ደሴቲቱ ከሚላን ጋር ወግና ኮሞን ወጋች። ኮሞዎች ቂማቸውን አልረሱም፤ በ1169 ደሴቲቱን አቃጥለው አብያተ ክርስቲያኗን አፈረሱ። ዛሬ የቀሩት የቤተ ክርስቲያን ፍርስራሾችና በ20ኛው መቶ ዘመን ለሠዓሊያን የተሠሩ ጥቂት ቤቶች ናቸው። በየዓመቱ በጁን ወር መጨረሻ በቅዱስ ዮሐንስ በዓል ሰሞን ርችት ይተኮሳል፤ ሰማዩን የሚያቀላው ርችት የዚያ ቃጠሎ መታሰቢያ ነው። በዚያ ምሽት ሐይቁ በጀልባ ስለሚሞላ ቀደም ብሎ ያልተከራየ ሰው ቦታ ማግኘት ይቸግረዋል።

ከደሴቲቱ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ በሌኖ አጠገብ ወደ ውሃው በገባ ጫፍ ላይ ቪላ ዴል ባልቢያኔሎ ቆሟል። የግል ጀልባ ለዋጋው የሚገባ መሆኑ የሚታየው እዚህ ነው። ነጂው ጫፉን ዞሮ ሞተሩን ያጠፋና ጀልባውን በራሷ እንድትንሳፈፍ ይለቃታል፤ የሕዝብ መርከብ ይህን አያደርግም። ቪላውን በ1787 ያሠራው ካርዲናል አንጄሎ ማሪያ ዱሪኒ ነው፤ ቀድሞ በቦታው የነበረው የፍራንቸስካውያን ገዳም ሁለት የደወል ማማዎች አሁንም አሉ። ቦታው ቋጥኝ ስለሆነ እንደ ሌሎቹ ቪላዎች በመስመር የተተከለ ሰፊ አትክልት ሊኖረው አልቻለም። አትክልተኞቹ ያገኙት መላ ዛፎቹን መቅረጽ ነው፤ አንድ ትልቅ የኦክ ዛፍ ከላይ ክብ ሆኖ እንዲቀር በየጊዜው ይከረከማል፤ ከሐይቁ ላይ ሲታይ የተዘረጋ ጃንጥላ ነው የሚመስለው። የመጨረሻው ባለቤት ጉይዶ ሞንዚኖ የተባለ አሳሽ ነበር። በ1973 ኤቨረስት ተራራ ጫፍ የደረሰውን የመጀመሪያውን የኢጣሊያ ቡድን የመራው እርሱ ነው። በ1988 ሲሞት ቤቱን ፋይ ለተባለው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት አወረሰ፤ መቃብሩም በዚያው ግቢ ነው። የስታር ዋርስና የጄምስ ቦንድ ፊልሞች ስለተቀረጹበት ወጣት ጎብኚዎች ቦታውን ከማየታቸው በፊት ያውቁታል።

ቀጥሎ ከዳርቻው ከፍ ብላ የምትታየው የሜዜግራ መንደር ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ ከቪላዎቹ ሁሉ የተለየ ትርጉም አላት። ኢትዮጵያን በ1928 ዓ.ም. የወረረው፣ በሕዝቧም ላይ የመርዝ ጋዝ ያስረጨው ቤኒቶ ሙሶሊኒ ሕይወቱ ያለፈው እዚህ ነው። የኢጣሊያ ፋሺስት አገዛዝ ሲፈራርስ ሙሶሊኒ ከሚሸሹ የጀርመን ወታደሮች ጋር የምዕራቡን ዳርቻ መንገድ ይዞ ወደ ሰሜን ይሄድ ነበር። በሐይቁ ሰሜናዊ ክፍል ባለችው ዶንጎ የኢጣሊያ አርበኞች ተሽከርካሪዎቹን አስቁመው ሲፈትሹ የጀርመን ወታደር ካፖርት ለብሶ አገኙት። በማግስቱ፣ በ28 ኤፕሪል 1945፣ በሜዜግራ ጁሊኖ በተባለው ሰፈር በአንድ ቪላ በር ላይ ከውሽማው ክላራ ፔታቺ ጋር በጥይት ተገደለ። ዕለቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 20 ቀን 1937 ዓ.ም. ነበር፤ በአዲስ አበባ የድል ቀን አራተኛ ዓመት ሊከበር አንድ ሳምንት ሲቀረው ማለት ነው። አስጎብኚዎች ይህን ታሪክ ካልተጠየቁ ብዙ ጊዜ አያነሡትም፤ ስለዚህ ቀድሞ መጠየቅ ነው። ጊዜ ያለው ሰው ነጂው እስከ ዶንጎ እንዲወስደው መስማማት ይችላል።

ከሜዜግራ በኋላ ትሬሜዞ ላይ ቪላ ካርሎታ አለ። በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በሚላኖች የክሌሪቺ ቤተሰብ የተሠራ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከፕሩሲያዋ ልዕልት ካርሎታ ነው። በኤፕሪልና በሜይ አዛሊያ የተባለው አበባ ሲፈነዳ የአትክልት ቦታው ቀይና ሮዝ ሆኖ ከሐይቁ መሐል ይታያል። ከዚህ ተሻግሮ ቤላጆ ነው። የቤላጆ የደረጃ መንገዶች በቀትር በሰው ስለሚሞሉ ጠዋት ወይም ወደ ማምሻው መድረስ ይሻላል። ለምሳ የሚቆም ሰው የሐይቁን ምግብ መሞከር አለበት፤ ፐርች የተባለው ዓሣ ከሩዝ ጋር ይቀርባል፤ ሚሶልቲኒ የሚባለው ደግሞ በጨው ታሽቶ፣ በፀሐይ ደርቆና በመጫኛ ተጨምቆ የሚቆይ ዓሣ ነው። ይህኛው ጣዕሙ ኃይለኛ ስለሆነ ሁሉም አይወደውም።

ሲመለስ ጀልባው የኮሞውን እግር የምሥራቅ ዳርቻ ይይዛል። ይህ ዳርቻ ሰው የቀነሰበትና ዝምተኛ ነው። በኔሶ መንደር ሁለት ጅረቶች በጠባብ ገደል ውስጥ ተገናኝተው በፏፏቴ ይወርዳሉ፤ ከፊታቸው ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ አለ፤ በሞቃት ቀን ልጆች ከላዩ ወደ ሐይቁ ይወረወራሉ። ወደ ኮሞ ሲቀርብ በቶርኖ አጠገብ ዛፍ በሸፈነው ገደል ሥር ቪላ ፕሊኒያና ይገኛል። በግቢው ውስጥ ያለው ምንጭ በቀን ውስጥ እየሞላ እየጎደለ የሚፈስ ነው። የኮሞ ተወላጅ የነበረው ሮማዊው ደራሲ ታናሹ ፕሊኒ ከ1,900 ዓመታት በፊት ስለዚህ ምንጭ በደብዳቤ ጽፏል። የቪላው ስምም የመጣው ከእርሱ ነው።

የጉዞውን ሰዓት የሚወስነው ነፋስ ነው። ከንጋት እስከ ረፋድ ቲቫኖ የሚባለው ነፋስ ከሰሜን ይነፍሳል፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ብሬቫ የሚባለው ከደቡብ ይነሣል። ፀሐይ ተራሮቹን ስታሞቅ አየሩ በሸለቆው ወደ ላይ ይሳባል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይወርዳል። ብሬቫ ሲበረታ ውሃው ይናወጣል፣ በትንሽ ጀልባ የተቀመጠ ሰውም ይረጥባል። ስለዚህ ሆዱ የሚረበሽበት ሰው ወይም ሕፃን የያዘ ቤተሰብ ጠዋት ቢወጣ ይመረጣል። ፎቶ የሚፈልግ ደግሞ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ያለውን ሰዓት ይመርጣል። ዋናው ወቅት ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ነው። በክረምት ቪላዎቹ ብዙዎቹ ይዘጋሉ።

ከሚላን ሴንትራሌ ጣቢያ ኮሞ በባቡር 40 ደቂቃ ያህል ነው፤ በምሥራቁ ዳርቻ ያለችው ቫሬና ደግሞ አንድ ሰዓት ገደማ። የአንድ ሰዓት ኪራይ ከኮሞ ተነሥቶ በአቅራቢያው ያሉትን ቪላዎች ብቻ ያሳያል፤ ባልቢያኔሎንና ቤላጆን ጨምሮ ለመመለስ ግማሽ ቀን ቢያዝ ይመረጣል። ጊዜ ያጠረው ሰው በመርከብ ወይም በባቡር ወደ ሐይቁ መሐል ሄዶ ጀልባውን ከቤላጆ ወይም ከቫሬና ቢከራይ ገንዘቡን በተሻለ ይጠቀምበታል።

የግል ጀልባ ዋጋ የሚቆረጠው በሰው ቁጥር ሳይሆን በጀልባውና በሰዓቱ ነው። ለአንድ ሰው ከባድ የሆነው ክፍያ ለስምንት ሲካፈል ይቀላል፤ ብቻውን የሚጓዝና ከከተማ ከተማ መሻገር ብቻ የፈለገ ሰው ግን የሕዝቡ መርከብ ይበቃዋል። ከመክፈል በፊት አራት ነገር መጠየቅ ያስፈልጋል፦ ነዳጅ በዋጋው ውስጥ መኖሩ፣ በእያንዳንዱ ቪላ ወርዶ ለመግባት ጊዜ መሰጠቱ፣ ነጂው የሚናገረው ቋንቋ፣ አየሩ ከተበላሸ ገንዘቡ መመለሱ። የቪላዎቹ መግቢያ ትኬት አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ይከፈላል፤ ባልቢያኔሎም በሳምንት ውስጥ የሚዘጋባቸው ቀናት ስላሉት ጀልባ ከመያዝ በፊት ይህን ማጣራት ይገባል።