ያውቁ ኖሯል? የማኅፀን በር ነቀርሳ ከቫይረስ እንደሚመጣ

የማኅፀን በር ነቀርሳ ከዘር የሚወረስ ደዌ መስሎ ይታይዎት ይሆናል እንጂ፣ ከጥቂቱ በቀር ሁሉም ሂውማን ፓፒሎማ ከሚባለውና በሩካቤ ሥጋ ከሚተላለፈው ቫይረስ የሚነሣ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ይህን ምሥጢር የገለጡት ጀርመናዊው ሊቅ ሃራልድ ሱር ሃውዘን፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1983 እና በ1984 ከነቀርሳው ሥጋ ውስጥ ዓይነት 16ን እና ዓይነት 18ን ለይተው በማውጣታቸው በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል፤ ከ200 ከሚበልጡት የቫይረሱ ዓይነቶች መካከል እነዚህ ሁለቱ ብቻ የዚህን ነቀርሳ 70 በመቶ ያህል ያመጣሉ።

ቫይረሱ የያዛት ሁሉ ትታመማለች ማለት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት በሁለት ዓመት ውስጥ ራሱ ያስወግደዋል። ሳይወገድ የቀረው ግን የሕዋሱን ዕድገት የሚገቱትን ጠባቂዎች በሁለት ፕሮቲኖቹ እያሰናከለ፣ ያለ አንዳች ሕመም ከ15 እስከ 20 ዓመት ተሰውሮ ይሠራል።

ከሁሉ የሚደንቀው ደግሞ የምርመራው ቅለት ነው፤ ባለሙያዋ በማኅፀኑ በር ላይ የተበረዘ አቼቶ ስትቀባ የተለወጠው ሥጋ በአንድ ደቂቃ ያህል ጊዜ ነጥቶ ይታያልና፣ ትልቅ ላቦራቶሪ ለማይገኝባቸው ከተሞች እጅግ የተስማማ ነው። ቫይረሱን የሚከላከለው ክትባትም በ2011 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ሁለት ጊዜ መሰጠት ጀምሮ፣ በ2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ሆነ።