አንጎል ሲሠራ ደሙ የሚሰጠው ምልክት

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ አንጀሎ ሞሶ የራስ ቅሉ የተከፈተ አንድ ገበሬ ይከታተል ነበር። በቀዳዳው በኩል የአንጎሉን ትርታ ይለካ ስለነበር፣ የእኩለ ቀን የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲሰማ ትርታው እንደበረታ አስተዋለ። ጸሎት ማድረስ ይገባው እንደሆነ ሲጠይቀውም ትርታው እንደገና ጨመረ።

ዛሬ ኤፍኤምአርአይ የሚባለው የአንጎል ምርመራ የቆመው በዚሁ፣ አንጎል ሲሠራ ደሙ ይጨምራል በሚለው እውነት ላይ ነው። መሣሪያው የነርቭ ሴሎችን ኤሌክትሪክ አያይም፤ የሚከታተለው ደሙን ነው።

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ቢሆንም ዕረፍት ላይ ሳለን ከምናወጣው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። የሚያስቀምጠው ስንቅ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ አንዱ ክፍል ሥራ ሲበዛበት የነርቭ ሴሎቹና አጋሮቻቸው አስትሮሳይቶች እንደ ናይትሪክ ኦክሳይድ ያሉ ኬሚካሎችን ይለቃሉ፤ በአቅራቢያው ያሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ደም ይጎርፋል።

እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ የጎርፉ መጠን ነው። ፒተር ፎክስና ማርከስ ራይክል እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት፣ የሚሠራው ክፍል የደም ፍሰት በ29 በመቶ ሲጨምር የኦክስጅን ፍጆታው የጨመረው በ5 በመቶ ብቻ ነበር። ለሁለት እንግዳ የአሥር ሰው ማዕድ እንደሚያቀርብ ደግ አስተናጋጅ ነው። በዚህም ምክንያት ሥራ የበዛበት ቦታ ደሙ ኦክስጅን ያጥረዋል ሲባል፣ ጭራሽ ይተርፈዋል።

ይህን ትርፍ ማግኔት ይለየዋል። ሊነስ ፖሊንግና ቻርልስ ኮርየል እ.ኤ.አ. በ1936 እንዳሳዩት፣ ኦክስጅኑን ያስረከበ ሄሞግሎቢን ወደ ማግኔት ይሳባል፤ ኦክስጅን የተሸከመው ግን በጥቂቱ ይገፋል። የመጀመሪያው ዓይነት ሲበዛ በዙሪያው ያለው የማግኔት መስክ ይዛባና የኤምአርአዩ ምልክት ይደክማል፤ ትኩስ ደም ሲተካው ምልክቱ ይጎላል። ሴይጂ ኦጋዋና ባልደረቦቹ በቤል ላብስ፣ አይጦች የሚተነፍሱትን ኦክስጅን ከፍ ዝቅ እያደረጉ የአንጎላቸው ደም ሥሮች በምስሉ ላይ እንደ ጥቁር መስመር ሲወጡና ሲጠፉ አዩ። ግኝታቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ታተመ፤ ምልክቱ የተጠራበት ቦልድ የሚለው ስያሜም ከዚያ ወዲህ ጸና። እ.ኤ.አ. በ1992 በሰው ላይ የተገኙ ውጤቶች ተከተሉ።

ምልክቱ ደካማ ነው፤ ለውጡ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት በመቶ አያልፍም። ዘገምተኛም ነው። ነርቭ በሺህኛ ሰከንድ ሲሠራ ደሙ ጫፍ የሚደርሰው ከ5 ወይም 6 ሰከንድ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ኒኮስ ሎጎተቲስና ባልደረቦቹ በዝንጀሮዎች አንጎል ውስጥ ኤሌክትሮድ አስገብተው ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሲለኩ፣ ቦልድ ይበልጥ የተጣጣመው ሴሎቹ ከሚልኩት ምት ይልቅ ከሚቀበሉትና እዚያው ከሚያብላሉት መልእክት ጋር ነበር።

ስለዚህ «ይህ ቦታ ፈካ» ሲባል የደም ሥሮቹን ጤንነት አብሮ መጠየቅ ግድ ይላል። ዕድሜና የደም ሥር ሕመም፣ ሌላው ቀርቶ ጠዋት የተጠጣ ቡና፣ ምልክቱን ይለውጣሉ፤ ካፌይን የአንጎልን ደም ሥሮች ያጠባልና። አንዳንድ ተመራማሪዎች ለዚህ ሲሉ ተመርማሪውን ለጥቂት ሰከንዶች ትንፋሹን እንዲይዝ ያደርጉታል። በደሙ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር ሥሮቹ ያለ አንዳች ልዩ የአእምሮ ሥራ ይሰፋሉ፤ የዚያ ሰው ደም ሥሮች ምን ያህል መለጠጥ እንደሚችሉ የሚለካውም ያኔ ነው።